ቫርኒሹ በ9 ቀኑም አልደረቀም፤ ልላጠው ወይስ ልደርብበት?

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በእጄ የሠራሁት የመጀመሪያው ጠረጴዛ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ስታገለው ከረምኩ። መቁረጡ፣ ማጋጠሙ፣ በኮላ ማጣበቁ፣ ሁሉም ደህና አለፈ። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ስቀባው ተበላሸብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሉ መግባት ራሱ ያስጠላኛል።

የሆነውን ልንገራችሁ። ቫርኒሹ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) የሚቀጥነው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ዓይነት ነው፣ አንጸባራቂው። ሁለት እጅ ቀባሁት። አንደኛውን እጅ ማታ፣ ሁለተኛውን በማግስቱ ጠዋት። ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ሁለተኛውን እጅ እንደቀባሁ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ይኸው 9 ቀን ሆነው። ፊቱ ላይ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ አረፋዎች ተዘርተውበታል። አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ መዳፍ በምታክል ቦታ የፈላ ወተት ስልባቦት መስሎ ተሸብሽቧል። ጣቴን ጫን አድርጌ ሳነሳው ይዞ ይለቀኛል፣ አሻራዬም ይቀራል። ትናንት ማታ ነጭ ወረቀት አስቀምጬበት አደርኩና ጠዋት ሳነሳው የወረቀቱ ቃጫ ተጣብቆ ቀረ። ሁለት ጣውላ የተጋጠመበት መስመር ላይም ፈዘዝ ያለ፣ ምንም ያልነካው የሚመስል ጠባሳ አለ።

ግራ ያጋባኝ የእግሮቹ ነገር ነው። ከዚያው ጣሳ፣ በዚያው ብሩሽ፣ በዚያው ቀን ነው የቀባኋቸው። እነሱ እንደ መስታወት ደርቀዋል።

ሦስተኛ እጅ ብደርብበት ይሸፍነዋል? ወይስ ሁሉንም ልጬ እንደገና ልጀምር? እውነት ለመናገር መላጡን ሳስበው ሆዴ ይባባል።

እንጨት ወዳድ

አይዞሽ፣ ሁላችንም ላይ ደርሷል። እኔ አረፋ ሲያጋጥመኝ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ አሸዋለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ቀጠን አድርጌ አንድ እጅ እደርባለሁ። አረፋው ድራሹ ይጠፋል። የሚያጣብቀውም አዲሱ እጅ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል ብዬ እገምታለሁ።

የድሮ መጋዝ

አረፋ ላይ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ከስሩ ያለው የደረቀ ሲሆን ብቻ። ልጄ፣ የምታጣብቅ ነገር ላይ ምንም አትደርቢ። አሁን አንድ ችግር ነው ያለሽ፤ ከደረብሽበት ሁለት ይሆናል። የላዩ ይደርቅና የስሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ከጥቂት ወር በኋላ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል።

ብርጭቆ ወረቀት ራሱ ይነግርሻል። ከማይታይ ቦታ ትንሽ አሺው። ነጭ ዱቄት ከወጣ ደርቋል። ወረቀቱ ላይ እየተንከባለለ እንደ ሙጫ ከተለጠፈ አልደረቀም።

እግሮቹ መድረቃቸው ትልቅ ፍንጭ ነው። ጣሳው አላረጀም ማለት ነው፣ ብሩሹም ንጹህ ነው፣ አየሩም ደህና ነው። ስለዚህ እግሮቹ ላይ የሌለ፣ ፊቱ ላይ ያለ ነገር እንፈልግ። እንጨታቸው አንድ ነው? ከቫርኒሹ በፊት ፊቱን የቀባሽው ነገር አለ? ጣሳውን ናጥሽው ወይስ አማሰልሽው? በሁለቱ እጆች መካከልስ አሽተሽዋል? ሳትቸኩዪ አስቢና ጻፊልኝ።

ጀማሪዋ

አመሰግናለሁ ጋሼ። እንዳሉት አሽቼ ሞከርኩት። እግሩ ላይ ዱቄት ወጣ። ፊቱ ላይ ግን ወረቀቱ ወዲያው በሙጫ ተደፈነ።

እንጨቱ አንድ ነው፣ ከአንድ ግንድ የወጣ። ግን አሁን ሲጠይቁኝ ነው ትዝ ያለኝ፦ ፊቱን ብቻ የተልባ ዘይት ቀብቼዋለሁ። የእንጨቱ መልክ እንዲጎላልኝ ብዬ ነው፣ ደግሞ በጣም አምሮ ነበር። ሁለት ጊዜ፣ እስኪጠግብ ድረስ አጠጣሁት። ሁለት ቀን ጠብቄ ሳየው ገብቶለታል፣ ላዩ ላይ የተኛ ዘይት አልነበረም፤ ደርቋል ብዬ ቫርኒሹን ቀባሁ። ጠርሙሱን አሁን አይቼው «ጥሬ» ይላል፣ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።

ጣሳውን በደንብ ናጥኩት፣ መናጥ ያለበት መስሎኝ። ብሩሹንም በየጊዜው የጣሳው አፍ ላይ እየጠረግሁ ነበር የምቀባው። በሁለቱ እጆች መካከል አላሸሁም። ዘይቱን የቀባሁባቸው ጨርቆች ፌስታል ውስጥ ታስረው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ያስፈልጋሉ እንዴ?

የድሮ መጋዝ

ሌላውን ሁሉ ተይና መጀመሪያ ጨርቆቹን ከቤት አውጪ። አሁኑኑ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ላይ ኦክስጅን እየወሰደ ነው፣ ሲወስድ ደግሞ ሙቀት ያወጣል። የተሰጣ ጨርቅ ከሆነ ሙቀቱን ነፋስ ይወስድለታል። ተጨማድዶ ፌስታል ውስጥ የታጨቀ ጨርቅ ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። አደጋው የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፣ ቢሆንም አትተማመኚበት። ውጭ አንድ በአንድ ዘርግተሽ አስጪያቸው፤ እንደ ካርቶን ሲደርቁ ይጣላሉ። ካልሆነ ውሃ የሞላበት የብረት ጣሳ ውስጥ ንከሪያቸውና ክደኚው። ከእንግዲህም ዘይት በቀባሽ ቁጥር እጅሽን ሳትታጠቢ ጨርቁን አስጪ።

አወጣሽ? እሺ፣ ወደ ጠረጴዛው እንምጣ።

ቫርኒሽ እንደ ልብስ ውሃው ተንኖ ብቻ አይደርቅም። አኳራጁ በሰዓታት ውስጥ ይተንናል፣ ያ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የቀረው ልክ እንደ ተልባው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይተሳሰራል። የሚጠነክረው ያኔ ነው። አንቺ ያልደረቀ ዘይት ላይ ቫርኒሽ ከደንሽበት። ዘይቱ አየር አጣ፣ ከቫርኒሹም ጋር ተቀላቅሎ እሱንም አለሰለሰው። እግሮቹ ዘይት ስላልነካቸው ደረቁ። የጣሳሽ፣ የብሩሽሽ ጥፋት የለበትም።

ዘይት «ገባለት» ማለት «ደረቀ» ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታል። ጥሬ የተልባ ዘይት እንጨት ውስጥ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ወፈር ካለ ወራትም ይወስዳል። «የተፈላ» የሚባለው ሌላ ነው። ስሙ እንዲያ ይሁን እንጂ ዛሬ በአብዛኛው መፍላቱ አይደለም ቁም ነገሩ፤ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ ማድረቂያዎች ተጨምረውበታል። እሱ ስስ ሆኖ ከተቀባና ትርፉ በጨርቅ ከተጠረገ በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል። ያኔም ቢሆን ቫርኒሽ ከመድረቤ በፊት እኔ ጥቂት ቀን እጨምርለታለሁ።

ሽብሽቡ የውፍረት ነገር ነው። ጥግ ላይ ብሩሽ ሲዞር ቫርኒሽ ይከማቻል። የላዩ ቶሎ ደርቆ ቆዳ ያወጣል፣ የስሩ ገና ፈሳሽ ነው። ቆዳው ተለጥጦ መሄጃ ሲያጣ ይሸበሸባል። ፀሐዩ ደግሞ ላዩን አቻኮለው።

አረፋውን ያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ሦስቱንም አድርገሻቸዋል። መናጡ አየር ያስገባል። ብሩሽን የጣሳ አፍ ላይ መጥረግም እንዲሁ፣ አረፋው ተመልሶ ወደ ጣሳው ይወርዳል። ትልቁ ግን ፀሐዩ ነው። እንጨት ቀዳዳ ውስጥ አየር አለ፤ እንጨቱ ሲሞቅ አየሩ ይለጠጥና መውጫ ይፈልጋል። ቫርኒሹ ጠጠር ማለት ከጀመረ አረፋው ሳይፈርጥ እዚያው ይደርቃል። ስለዚህ ቫርኒሽ የሚቀባው እንጨቱ እየሞቀ ባለበት ሰዓት ሳይሆን እየቀዘቀዘ ባለበት ሰዓት ነው። እኔ ወደ ማታ እቀባለሁ።

መስመሩ ላይ ያለው ጠባሳ ኮላ ነው። ጣውላዎቹን ስታጣብቂ የተረፈውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽዋል፣ አይደል? ቀጥኖ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ደረቀ። ከዚያ ወዲያ ዘይቱም ቫርኒሹም አያልፉትም።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ፊቱን ብቻ ላጪው፣ እግሮቹን አትንኪያቸው። በብርጭቆ ወረቀት አትሞክሪው፣ ወረቀት ብቻ ነው የምትጨርሺው። ቀጭን የብረት መፋቂያ ያዢ፣ ጠርዙን ስሊው፣ ወደ ሰውነትሽ ዘንበል አድርገሽ በእንጨቱ ክር አቅጣጫ ሳቢው። ያልደረቀ ቫርኒሽ እንደ ማስቲካ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ መፋቂያውን ቶሎ ቶሎ ጥረጊ። ሲያልቅ በአኳራጅ በረጠበ ጨርቅ ፊቱን በሙሉ አሺው፣ ጨርቁንም ሲቆሽሽ ቀይሪ። ኮላው ያለበት ቦታ አኳራጁ ሲነካው ፈዞ ይታይሻል፤ እዚያ ላይ መፋቂያውን ትንሽ ጠለቅ አድርጊው።

ከዚያ ሥራው የአንቺ አይደለም፣ የጊዜ ነው። ሞቅ ያለ፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ አቁሚውና ቢያንስ ሦስት ሳምንት ተዪው። ውስጡ የቀረው ዘይት አሁን አየር ያገኛል። ደረቀ አልደረቀ ለማወቅ ነጭ ወረቀት ዘርግተሽ ከላዩ ክብደት ጫኚበትና አሳድሪው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ የዘይት ጥላ ካለ ገና ነው።

ባለ ብሩሹ

ጋሼ ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ዘይቱ ከደረቀ በኋላም እኔ ብሆን በቀጥታ ቫርኒሽ አልቀባም። መጀመሪያ አንድ ስስ እጅ ሼላክ። ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፣ በአልኮል ይሟሟል፣ ስስ ከሆነ ሰዓት ሳይሞላ ይደርቃል፣ ዘይት ላይም ቫርኒሽ ላይም ይይዛል። በመካከል እንደ ግድግዳ ይቆምልሻል። ሰም የወጣለት መሆኑን ግን አረጋግጪ፤ ሰሙ ካለበት ፖሊዩሬቴን በደንብ አይዘውም። ቲክና ሮዝዉድ ላይ የምንሠራም ይህንኑ ነው የምናደርገው፤ እንጨቶቹ በተፈጥሮ ውስጣቸው ያለው ነገር ቫርኒሽ እንዳይደርቅ ያዘገየዋል። ማንም ዘይት ሳይቀባቸው እንዳንቺ ጠረጴዛ ሲያጣብቁ የሚከርሙበት ምክንያት እሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ በእጅና በእጅ መካከል አለማሸትሽ። ሼላክና ላከር (ሌላ ዓይነት የእንጨት ቅብ) ሲደረቡ አዲሱ አሮጌውን በጥቂቱ ያሟሟውና አንድ ይሆናሉ። ፖሊዩሬቴን እንደዚያ አይደለም። አንዴ ከጠነከረ አዲሱ እጅ አይገባበትም፤ የሚይዘው በጭረት ብቻ ነው። በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪደበዝዝ አሺው፣ አቧራውን ጥረጊ፣ ከዚያ ቀቢ። ካላሸሽ ከዓመት በኋላ የሆነ ነገር ሲነካው እንደ ፕላስቲክ ተቀርፎ ይነሳል።

ውፍረቱን በተመለከተ አንድ ወፍራም እጅ ከሦስት ስስ እጅ አይበልጥም። የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ ከ10 እስከ 20 በመቶ አቅጥኚው፣ እንጨቱ ይጠጣዋል። ጣሳውን አትናጪው፣ በእንጨት ዘንግ ከስር ወደ ላይ ቀስ ብለሽ አማስዪ። ለምትቀቢው ያህል ብቻ ሌላ ዕቃ ውስጥ ቅጂ። ብሩሹን ሲሶውን ብቻ ንከሪው፣ ትርፉን የዕቃው ጎን ላይ መታ መታ አድርጊ እንጂ አፉ ላይ አትጥረጊው። ደግሞ መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ከላይ በሚመጣ መብራት የማይታይ ሁሉ ከጎን ሲመጣ ይታያል፤ የሳትሽው ቦታ፣ የተጠራቀመው ጥግ፣ የወደቀው ፀጉር፣ ሁሉም እርጥብ እያለ ይታረማል።

እንጨት ወዳድ

ጋሼ ትክክል ነዎት፣ የኔ ግምት ስህተት ነበር፤ ዘይት ከስር እንዳለ አላሰብኩም። ግን ጥያቄ አለኝ። በውሃ የሚቀጥነውን ቫርኒሽ ብትቀባ አይሻልም? በሁለት ሰዓት ይደርቃል፣ ቢጫም አይሆንም።

ባለ ብሩሹ

ቶሎ መድረቁም ቢጫ አለመሆኑም እውነት ነው። ነጣ ያለ እንጨት ላይ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ግን ያልደረቀ ዘይት ላይ ከፖሊዩሬቴኑ የባሰ ነው፣ ዘይትና ውሃ ናቸውና ሸርተት ብሎ ይላቀቃል። ችግሩ ከስር ከሆነ ላዩን መቀየር አያድነውም።

የራሱ ጠባይም አለው። የመጀመሪያው እጅ የእንጨቱን ፀጉር ያስነሳል፣ እጅ ስታሳርፍበት ይሻክራል። አስቀድሞ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ ሲደርቅ በ220 ማሸት፣ ከዚያ መቀባት ነው። የብረት ሱፍ (ለማሸት የሚያገለግለው የቀጫጭን ብረት ክር) ደግሞ በጭራሽ አጠገቡ አይድረስ። ብናኙ ቀዳዳ ውስጥ ይቀርና ውሃው ሲነካው ይዝጋል። ኦክ የሚባለው እንጨት ላይ ያን ያደረገ ሰው ሥራ አይቻለሁ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር የሞላበት፤ ዝገቱ ታኒን ከሚባለው፣ እንጨቱ ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ነገር ጋር ተዋህዶ ነው። ለማውጣት እንደገና መላግ ነበረበት።

ባለ ወንበሩ

መሀል በመግባቴ ይቅርታ፣ የኔም ተቀራራቢ ስለሆነ ነው። ያረጀ ወንበር አሽቼ ቫርኒሽ ስቀባው ብሩሹ እንዳለፈ ቫርኒሹ ይሸሻል። ክብ ክብ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ መሀሉ ላይ ባዶ እንጨት ይታያል፣ ዙሪያው እንደ ከንፈር ከፍ ይላል። ደግሜ ስቀባውም እዚያው ቦታ ይሸሻል። ምንድነው?

የድሮ መጋዝ

ሲሊኮን ነው። ወንበሩ ለዓመታት የዕቃ ማወልወያ ሲረጭበት ኖሯል። ብዙዎቹ ውስጥ ሲሊኮን አለ፤ በስንጥቅ፣ በመጋጠሚያ እየሰረገ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ቫርኒሽ እሱ ላይ አይረጋም፣ ልክ ቅባት ያለበት ሳህን ላይ ውሃ እንደሚሸሸው። ማሸት ብቻውን አያወጣውም፣ እንዲያውም ያዳርሰዋል።

ጉድጓዱን እንዳየህ መቀባት አቁም። እርጥቡን እንዳለ በአኳራጅ ጥረገው፣ ከደረቀ መላጥ ሊኖርብህ ነው። ከዚያ በንጹህ አኳራጅ እጠበው፣ በእያንዳንዱ ዙር ጨርቅ ቀይር፣ ሦስት አራት ጊዜ። በአንድ ጨርቅ ደጋግመህ ካሸህ ሲሊኮኑን ከቦታ ቦታ ነው የምታዞረው። ሲደርቅ ሰም የወጣለት ሼላክ ሁለት ስስ እጅ፣ ከዚያ ቫርኒሽ። የቀባህበትን ብሩሽ ለሌላ ሥራ አታውጣው።

ባለ ወንበሩ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ማወልወያው እውነት ነው፣ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ ነበር የሚረጨው።

ጀማሪዋ

ከ6 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ የሆነውን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግሁም።

ጨርቆቹን ያኔውኑ አወጣኋቸው። ፌስታሉን ስፈታው የዘይት ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። አሁን ዘይት የነካ ነገር ሁሉ ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚያድረው።

መላጡ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። መፋቂያውን መሳል እስክለምድ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ጠርዙ ሲይዝልኝ ግን ቫርኒሹ በረዥም ክር እየተጠቀለለ ወጣ። ሽብሽቡ ጋ ከላይ የደረቀ ቆዳ፣ ከስሩ እንደ ማር የሚሳብ ነገር ነበር፤ ጋሼ ያሉት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ኮላው ያለበትንም አኳራጅ ሳሽበት ጣት የሚያህል ነጭ መስመር ሆኖ ወጣ።

የወረቀት ፈተናውን በሦስተኛው ሳምንት ሞከርኩ፣ ጥላ ነበረው። በአራተኛው ሳምንት በጣም ትንሽ። በአምስተኛው ንጹህ ወጣ። ከዚያ አንድ እጅ ሼላክ፣ ከዚያ ሦስት ስስ እጅ ቫርኒሽ፣ በየእጁ መካከል አንድ ቀን ሙሉ ጠብቄ በ320 እያሸሁ፣ ሁሌም ወደ ማታ። መብራቱን መሬት ላይ አስቀምጬ ስቀባ የሳትኳቸው ቦታዎች ብዛት አስደነገጠኝ፤ መጀመሪያ ጊዜ ምን ያህል ሳላይ እንደቀባሁ ገባኝ።

አረፋ የለም። ሽብሽብ የለም። የመጨረሻው እጅ ላይ ጥቂት የአቧራ ቅንጣት አርፎበታል፣ በእጅ ይታወቃል እንጂ አይታይም። አሁን ላሸው ወይስ ልጠብቅ?

የድሮ መጋዝ

እጅሽ ይባረክ ልጄ። ጠብቂ። ሲነካ ደርቋል፣ ውስጡ ግን እስኪጠነክር ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ጨርቅ አታልብሺው፣ ከባድ ዕቃ አታሳድሪበት፣ ትኩስ ነገር አታስቀምጪበት። ወሩ ሲሞላ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በትንሽ ውሃና ሳሙና አርጥበሽ፣ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለሽ፣ በክሩ አቅጣጫ በስሱ እሺው። ጠርዞቹ ጋ አትጫኚ፣ እዚያ ቫርኒሹ ስስ ነው፣ ቶሎ ወደ እንጨቱ ትደርሻለሽ። አንጸባራቂነቱ ደብዘዝ ይላል፤ መልሰሽ ማብለጭለጭ ከፈለግሽ ያኔ ጻፊልኝ።

ጀማሪዋ

እሺ ጋሼ። ቀኑን ጣሳው ክዳን ላይ ጻፍኩት።